ወደ ሐዋሳ ስትበሩ ግራ ወይስ ቀኝ? የመስኮት ዳር ወንበር ንጽጽር

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ጎን ከተሳሳታችሁ ሐይቆቹ በሌላ ሰው መስኮት አልፈው ያልቃሉ፣ እናንተም ጎረቤታችሁ ስልኩን ደቅኖ ሲቀርጽ አንገታችሁን ስታሰግጉ ትደርሳላችሁ።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ስሄድ ግራ፣ ስመለስ ቀኝ። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላል። ዋናዎቹ ሐይቆች ደግሞ ከዚያ መስመር በስተምሥራቅ ናቸው። ግራ የያዘ ሰው መጀመሪያ ዝቋላን ያያል፣ አናቱ ላይ ካለችው ክብ ሐይቅ ጋር። ቀጥሎ ዝዋይ ከነደሴቶቹ ይመጣል። ከዚያ ነው ጉዱ። ላንጋኖ ቡናማ ነው፣ ሻይ በወተት ይመስላል። አጠገቡ አብያታ አለ፤ ውሃው እየሸሸ ስለሄደ ዳር ዳሩን ሰፊ ነጭ የሶዳ መሬት ከቦታል። ከሱ በቀጭን መሬት ብቻ ተለይቶ ሻላ ይጀምራል። ጥልቀቱ 260 ሜትር ስለሚያልፍ ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው። ሦስት ሐይቅ፣ ሦስት ቀለም፣ ጎን ለጎን። በመኪና ብትሄዱ ይህን አንድ ላይ አታዩትም።

ቀኝስ? የጉራጌ ተራሮች አሉ፣ እርሻው በየቀለሙ ተሸንሽኖ ይታያል። አይናቅም፣ ግን ከግራው ጋር አይወዳደርም። ሻላ ከሥር ስለሚውል አብራሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ለቀኝ መስኮትም ሊደርሰው ይችላል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ጠዋት ፀሐይዋ በምሥራቅ ስለሆነች ግራ መስኮት ላይ ፊት ለፊት ትመታችኋለች። ውሃው ያንጸባርቃል፣ ፎቶ ይበላሻል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ስለሚመጣ የሐይቆቹ ቀለም ቁልጭ ይላል። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ ከሆነ የከሰዓቱን በረራ ያዙ። በክረምት ግን ደመናው ሁሉንም እኩል ያደርጋል፤ ያኔ ርካሹን ትኬት ግዙ። ምርጡ ጊዜ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው።

አሁን ወደ ረድፉ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ከሆነ (ያ ባለ ፕሮፔለሩ) ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ታች አይከለከልም። የሚጋርደው ሞተሩ ነው። መሐል ላይ ከተቀመጣችሁ ሞተሩ ግማሹን እይታ ይወስደዋል፣ ጩኸቱም አለ። ከፊት ወይም ከኋላ ይሻላል፤ ከሁለቱ ኋላውን እመርጣለሁ። ልጅ ከያዛችሁ ግን መሐሉን ያዙ፣ ለማረፍ ሲቃረብ ጎማው ከሞተሩ ሥር ተከፍቶ ሲወርድ ማየት ለልጅ ከሐይቅ ይበልጣል። ቦይንግ 737 ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ክንፉ ከታች ስለሆነ መሐል ያለ ሰው ክንፍ ብቻ እያየ ይደርሳል፣ ከኋላው ደግሞ የሞተሩ ትኩስ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፣ ስለዚህ ከፊት ተቀመጡ። እንዲያውም 737 ላይ ከክንፉ ትንሽ ቀደም ብሎ "የመስኮት ዳር" ተብሎ መስኮት የሌለው ወንበር ሊያጋጥም ይችላል፣ ግድግዳ ብቻ!

የመነጽር ነገርም አለ። ፖላራይዝድ የሆነውን (ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የፀሐይ መነጽር) አውልቁ፤ በአውሮፕላን መስኮት ሲያዩበት ቀስተ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ያወጣል።

ወንበሩን ቼክ ኢን ስታደርጉ ምረጡ፣ ግራ መስኮት ሁልጊዜ "ኤ" ፊደል ነው። ካለቀባችሁስ፣ የግራ መተላለፊያ ወይስ የቀኝ መስኮት? እኔ የቀኙን መስኮት ነው የምይዘው። ከመተላለፊያ የሚታየው የጎረቤት ትከሻና ሰማይ ነው፤ ቀኝ ላይ ቢያንስ ተራሮቹ አሉ፣ ዕድል ካለም ሻላ።