ለማርቆሱ የኪቦርድ አስተማሪዬ

ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ ጉድ ሆኜላችሁ ነበር። ኪቦርድ ስመታ የማየው የኮርድ ወረቀት ላይ (ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው) «ሲ አድ ናይን» ይላል። እኔ ሲ ናይን መታሁ። ዘፋኙ ማይኩን እንደያዘ ዞሮ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ዘፈኑ ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ነው፤ እኔ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ፣ ቢ ፍላትን፣ ቀላቅዬበታለሁ!

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ወደ እኚህ አስተማሪ የጠቆመኝ። ስሜን እንዳታወጣ ስላሉኝ «ጋሼ» ብቻ ልበላቸው። ደብረ ማርቆስ ቤታቸው ውስጥ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሉማሜ በሚኒባስ እመላለሳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ኪቦርድ አላስነኩኝም። ክራር አነሱና ትዝታ ሜጀርን ከሲ ተነስተው ቃኙ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ።

«ሲ ሜጀር ኮርድ ውስጥ የትኞቹ አሉ?»

«ሲ፣ ኢ፣ ጂ።»

«የቀሩትስ?»

«ዲ እና ኤ።»

«በል፣ ስትፈራቸው የኖርከው እነዚህን ሁለቱን ነው።»

ኤ ሲጨመር ሲ ሲክስ ይሆናል። ዲ ሲጨመር ሲ አድ ናይን። ሁለቱም ሲገቡ ሲ ሲክስ ናይን። ከልጅነቴ ጀምሮ የማንጎራጉረው ቅኝት አምስቱም ድምፅ ኮርድ ሆኖ ቁጭ አለ።

የሰርጉ ጥፋቴም እዚያው ገባኝ። «ናይን» ብቻ ከተባለ ዝቅ ያለው ሰባተኛ ድምፅ፣ ማለትም ያ ቢ ፍላት፣ አብሮ ይመጣል። «አድ» ካለ ከሲ ስትቆጥር ዘጠነኛዋን፣ ማለትም ዲን፣ ብቻ ጨምር ነው። በፊት የተማርኩበት ቦታ ይህንን በሠንጠረዥ አስሸምድደውኛል። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ሲ ሲክስና ኤ ማይነር ሰቨን የሚባለው ኮርድ ድምፆቻቸው አንድ ናቸው ሲሉኝ ተከራከርኩ። በግራ እጃቸው ቤዙን (ወፍራሙን የታች ድምፅ) ሲ ላይ መቱት፤ ፈካ ያለ ነው። ወደ ኤ አወረዱት፤ ቀኝ እጃቸው ሳይነቃነቅ ዜማው አዘነ። «ሰምና ወርቅ ነው» አሉ። መቼም ጎጃም ተቀምጦ ቅኔ ሳይጠራ የሚያስተምር አይገኝም።

ኤፍንም ልጨምር ብዬ ከኢ ጋር ስትጋጭ ጊዜ «ጆሮህ ምን አለ?» ብለው ዝም አሉኝ። ቁጡ ናቸው፣ አልደብቃችሁም። ካረፈዳችሁ በር ላይ ትጠብቃላችሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ኪቦርድ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ያ ዘፋኝ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ሰርግ ጠርቶኛል።