ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አጠገብ የሚሰጠው የንድፈ ሐሳብ (ቲዮሪ) ሥልጠና፦ ገንዘብ ያወጡበታል ወይ?

አዎ፣ ያወጡበታል። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፉን የቲዮሪ ክፍል ከቀድሞ ተመራቂ ገልብጦ ሊያልፍ ላሰበ ሰው። ሥልጠናው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ ቅዳሜና እሁድ ይሰጣል፤ የሶሺዮሎጂውም የኢኮኖሚክሱም የማስተርስ ተማሪ አንድ ላይ ይቀመጣል።

አሠልጣኙ ትርጉም ሲያስጽፍ አይውልም። የአንዷን ልጅ ፕሮፖዛል ተቀብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ወጣቶች በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለምን እንደሚሄዱ ነው የምታጠናው፣ ቲዮሪዋም ኤቨረት ሊ በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የገፊና ሳቢ ነገር ነው፤ ሰውን ከቤቱ የሚገፋው፣ ወደ ሌላ አገር የሚስበው፣ እዚያው የሚይዘውም ነገር አለ የሚል። «እዚያው ቀበሌ፣ እኩል ድሃ ሆኖ የቀረውስ?» አላት። «የሚይዘው በዝቶበት።» «የሄደውስ?» «የሚገፋው በዝቶበት።» የሄደውንም የቀረውንም በአንድ አፍ የሚያስረዳ ሐሳብ መቼ ነው ተሳስቷል የሚባለው? ቀጥሎ ኢኮኖሚስቶቹ ስታርክና ብሉም በ1985 እ.ኤ.አ. የጻፉትን አመጣ፦ ውሳኔው የቤተሰብ ነው፣ አንዱን ልጅ የሚልኩት አዝመራ ቢከዳ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ይሄኛው መያዣ አለው። እውነት ከሆነ፣ ሰብል በጠፋበት ዓመት ከሄደው ልጅ የሚመጣው ገንዘብ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ቲዮሪው ችግር ላይ ነው። ልጅቷ መጠይቋን እዚያው ማስተካከል ጀመረች!

እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት በ1973 እ.ኤ.አ. ስለደረሰው የወሎ ረሃብ ያነሳውን ነው። እህል ስለጠፋ ነው የሚለው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ ከሆነ ደሴ ላይ ዋጋ ለምን እጅግ አልናረም? ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውም የሚገዛበትም አብሮ ጠፋበት ነው መልሱ። የደሴ ገበያ የገጠሩን ዋጋ አያሳይም የሚሉ ተቺዎች እንዳሉም አሠልጣኙ አልደበቀም፤ ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ቲዮሪ የሚመዘነው ከተፎካካሪው ጎን ቆሞ ነው።

ጉድለቱ ልኬት ላይ ነው። «መተማመን» ወይም «ማኅበራዊ ትስስር» የሚባለውን ገጠር ገብተን በምን ጥያቄ እንለካዋለን የሚለው የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ተሯሩጦ አለፈ። ቲዮሪው የቱንም ያህል ቢያምር መለኪያው ከተበላሸ መረጃው ምን ይፈርዳል? ለዚህ ራሱን የቻለ ቀን መስጠት ነበረባቸው። የታደለን ፎቶኮፒም ደብዝዞ አይነበብም።

የምትመዘገቡ ፕሮፖዛላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፊት ወንበርም ያዙ። ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ቀድሞ የሰጠ ሰው ሥራ ነው።