ፋውልቲ ታወርስ በዲቪዲ፦ 12 ክፍል፣ ከዚያ በኋላ የለም

(ዓመታቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋውልቲ ታወርስ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ቢቢሲ 2 ስድስቱን ክፍል በ1975፣ ስድስቱን በ1979 አሳየ፤ አለቀ። ደራሲዎቹ ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ሌላ ክፍል አልጨመሩም። የአንዱ ክፍል ስክሪፕት ግን ከተለመደው የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ እጥፍ ገደማ ይወፍር ነበር። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ባሲል ፋውልቲ (ክሊዝ ራሱ) ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆቴል አለው፤ እንግዳ ግን አይወድም። ባለማዕረግ ሲመጣ ያጎበድዳል፣ ተራውን ይገላምጣል። ሚስቱን ሲቢልን (ፕሩኔላ ስኬልስ) ይፈራል፤ ንዴቱን የሚወጣው ከባርሴሎና በመጣው አስተናጋጅ በማኑዌል (አንድሩ ሳክስ) ላይ ነው። የባሲል መነሻ እውነተኛ ሰው ነው፦ ክሊዝና ሞንቲ ፓይተን የተባለው የኮሜዲ ቡድን ጓደኞቹ በ1970 ቶርኪ ያረፉበት ሆቴል ባለቤት። ሰውዬው የአንዱን እንግዳ ቦርሳ ቦምብ ይኖርበታል ብሎ ውጭ አውጥቶ ከግንብ ጀርባ አስቀምጦታል።

የአጻጻፉን ብልሃት ለማየት ወይዘሮ ሪቻርድስ (ጆአን ሳንደርሰን) የሚመጡበት፣ የሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ይበቃል። ሴትዮዋ ጆሯቸው አይሰማም፤ መስሚያውንም ባትሪ ይጨርሳል ብለው ያጠፉታል። ባሲል ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ እሳቸው መስሚያውን ከፍ ሲያደርጉት ይጮህባቸዋል። በጎን ደግሞ በፈረስ ውርርድ 75 ፓውንድ በልቷል። ሲቢል ቁማር ስለከለከለችው፣ ማኑዌልን «ምንም አታውቅም» እያለ ያስጠናዋል። ኋላ የሴትዮዋ 85 ፓውንድ ይጠፋል። ባሲል ያሸነፈውን ገንዘብ የራሱ ነው ብሎ የሚመሰክርለት ሲፈልግ፣ ማኑዌል በኩራት «ምንም አላውቅም» ብሎት እርፍ። ሳቁ እዚያ ቢፈነዳም ነገሩ ገና ከፈረሱ ጀምሮ ሲጎነጎን ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ስልክ እየነካኩ ማየት አይሆንም።

ሁሉም ክፍል እንዲህ አይደለም። የአየርላንዱ ግንበኛ ኦሬይሊ ያለበት ይደክማል፤ ማን ምን እንደሚያበላሽ ቀድሞ ይታወቃል። ጀርመኖቹ የሚመጡበት ክፍል ውስጥ ሜጀሩ የሚባለው ሽማግሌ እንግዳ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ይናገራል። ዩኬቲቪ የተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርጅት በ2020 ክፍሉን ለጊዜው አንስቶ ከማስጠንቀቂያ ጋር መልሶታል። ቀልዱ በሽማግሌው ኋላ ቀርነት ላይ ቢሆንም ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ እለፉት። (ሳክስ ራሱ በርሊን ተወልዶ በ1938 ቤተሰቡ ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ሰው ነው።)

ዲቪዲ ስትገዙ ሪጅኑን (ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚያሳየውን ቁጥር) ተመልከቱ። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ነው። ከለንደን የተላከ ዲስክ ዋሽንግተን ያለ ተራ ማጫወቻ ላይ አይሠራም፤ ሪጅኑ ባይገጥምም ሁሉን የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል። የምስሉ ወርድና ቁመት 4፡3 ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢተው ብልሽት አይደለም። በሪሞት «ዙም» ካላችሁት የክሊዝ ራስ ይቆረጣል፤ ከጎተታችሁት ደግሞ ሲቢል ትወፍራለች። ሆቴሉ ውስጥ ያለው በስቱዲዮ ቪዲዮ፣ ደጅ ያለው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለተቀረጸ፣ በር ሲከፈት መልኩ ድንገት ይለወጣል፤ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም።

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር አብሩት፣ ክሊዝ ሲናደድ ቃል ይውጣል። በሌላ ቋንቋ የተቀዳውን ግን ተዉት፤ በስፔን ማኑዌልን ጣሊያናዊ አድርገውታል። በአንድ ማታ ከሦስት ክፍል በላይ አትዩ፣ ጩኸቱ ራስ ያዞራል። መግቢያውንም አትዝለሉ፦ የሆቴሉ ታፔላ ፊደሎች በየጊዜው ቦታ ይቀያየራሉ፣ ይወድቃሉ፤ አንዳንዴ የሚወጣው ቃል ለአማት ፊት የሚነበብ አይደለም።