ሐዋሳ ላይ ለልጆቻችሁ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ) ለምታሠሩ

ዛሬ የልጄ ብሬስ ተነሳላት። ባጃጅ ውስጥ ሆና እስከ ቤት ድረስ ጥርሷን በምላሷ ስትዳስስ ነበር የመጣችው። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ሐኪሟን ላመስግን።

ሕክምናውን የጀመርነው ሌላ ከተማ ነው። እዚያ እያለን ቆሎ ስትበላ አንዷ ብራኬት (ጥርስ ላይ ተለጥፋ ሽቦውን የምትይዘው ትንሿ ቁራጭ) ወለቀችባት። ያገኘነው ባለሙያ ሌላ ለጠፈላትና ተመስገን ብለን ወደ ሐዋሳ መጣን። እዚህ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «የብራኬቶቹ ሲስተም ጥሩ አይደለም፤ ሙሉው ተነስቶ በተሻለው እንደ አዲስ ይጀመር» አሉን። ወጪውን ስሰማ እንባዬ መጣ።

በሰው ጥቆማ ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተሩ አራት ማዕዘኑን ሽቦ ከዳር ጀምረው እያስገቡ መጡና አንዷ ጥርስ ላይ ሲደርሱ ሽቦው እምቢ አለ። በግድ አልገፉትም። መስታወት አምጥተው አሳዩኝ። «እህቴ፣ ይቺ ብራኬት ከሌሎቹ ጋር አትዛመድም» አሉኝ።

ለካ ሽቦው የሚገባባት ቦይ፣ እነሱ ስሎት የሚሏት፣ ሁለት ልክ አላት፦ 0.018 እና 0.022 ኢንች። ልዩነታቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የልጄ ሁሉም 0.022 ሲሆኑ በኋላ የተለጠፈችው 0.018 ነበረች። ቀጭኑ ክብ ሽቦ ሁለቱም ውስጥ ስለሚገባ ማንም ልብ አላለም። ባለ 0.019ኙ አራት ማዕዘን ሽቦ ሲመጣ ነው ነገሩ የታወቀው።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው። ወረፋ ቢኖርም ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ሰፊው፣ ማለትም 0.022ቱ፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ያኔ ሽቦው ከወርቅ ቅይጥ ይሠራ ነበር። ጠንካራው የብረት ሽቦ ሲመጣ ጠባቡም ተጨመረ። ጥርስ ተነቅሎ ክፍተት ሲዘጋ፣ ሰፊው ውስጥ ጠንካራ ሽቦ ላይ ማንሸራተት ይመቻል። ጠባቡ ደግሞ በቀጭን ሽቦም ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች ግን በሕክምናው ርዝመት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። «እኔ በሁለቱም እሠራለሁ፤ የልጅሽን የሚያስነሳ ምክንያት የለም» አሉኝ።

አንዷን ብቻ ቀየሩ። የከፈልኩትም የአንዷን ነው። ካርዷ ላይ «0.022» ብለው በትልቁ ጻፉልኝ፣ ሌላ ቦታ ብትወልቅባት እንዳሳይ። እናንተም ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል።