የኮሎራዶ ኤልክ አደን ድሮፕ ካምፕ፦ የምትከፍሉት ለፈረሱ ነው

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የሚከራየው የድሮፕ ካምፕ አሠራር ቀላል ነው። አውትፊተሩ (የአደን ጉዞ አዘጋጁ) እናንተንና ጓዛችሁን በፈረስ አድርሶ፣ ቀድሞ የተከለው ድንኳን ጋ አውርዷችሁ ይመለሳል፤ ቀናችሁ ሲሞላ መጥቶ ያወጣችኋል። በመካከሉ ማደኑም፣ ማብሰሉም፣ እንጨት መፍለጡም የእናንተ ነው። ዋጋው መሪ ካለው ሙሉ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ በየዓመቱ አብረው ለሚወጡ አራት ጓደኛሞች ጥሩ ምርጫ ነው። አገልግሎቱ የሚመዘነው ግን በድንኳኑ ስፋትም ሆነ በቦታው ውበት አይደለም። ኤልኩ ከወደቀ በኋላ ፈረሱ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ምክንያቱ ክብደትና ሙቀት ነው። የደረሰ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ብዙዎቹም ከዚያ ያልፋሉ። አንዱ ታፋ ከነአጥንቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ፣ ወርቹ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሆናል። አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር እንኳ ለሁለት አጋሰስ የሚበቃ ጭነት ነው። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ እንዳለው የፍላት ቶፕስ ተራራማ አገር ዓይነቱ፣ በ1975 (እ.ኤ.አ.) በተከለለ የዊልደርነስ መሬት (በሕግ እንደ ተፈጥሮው እንዲቆይ የተጠበቀ ዱር) ላይ ሞተር ብቻ ሳይሆን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው፤ የሥጋ ጋሪ እንኳ አይገባም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ፈረስ፣ ወይ የራሳችሁ ጀርባ።

ውሉን ስታነቡ መጀመሪያ የሥጋ ማውጣቱን አንቀጽ ፈልጉ። «ሥጋ ማውጣት ይጨምራል» የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፈረሱ የሚመጣው ኤልኩ እስከወደቀበት ነው ወይስ እስከ ካምፑ ብቻ? ጥሪው ከደረሰ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ? ለእያንዳንዱ ኤልክ ተጨማሪ ክፍያ አለ ወይስ በዋጋው ተጠቃሏል? ወጥቶስ የት ይቀመጣል፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ወይስ በመኪናችሁ ሣጥን? በ24 ሰዓት ውስጥ እንመጣለን ብሎ በጽሑፍ የሚያሰፍር አውትፊተር ዋጋው ቢወደድ እንኳ ይሻላል። «በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ ብቅ እንላለን» የሚለው ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው፤ የፈረሱና የጫኙ ቀን ተቀንሶበታል።

የጽሑፍ ውል መስጠት በኮሎራዶ የሕግ ግዴታ ነው። አውትፊተሩ በግዛቱ የአውትፊተሮች ምዝገባ ቢሮ መመዝገብ፣ መድንና ዋስትና መያዝ አለበት፤ በብሔራዊ ደን ውስጥ ካምፕ ለመትከል ደግሞ ከደን አገልግሎቱ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የምዝገባውንም የፈቃዱንም ቁጥር ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ፈረስ ያለው ወዳጅ «በትንሽ ብር አወጣላችኋለሁ» ሲላችሁም ይኸው ሕግ ይመለከተዋል።

መልእክት የምትልኩበት ነገር ካልያዛችሁ የ24 ሰዓቱ ቃል ዋጋ የለውም። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያስፈልጋል። ከመግባታችሁ በፊት ከአውትፊተሩ ጋር መልእክት ተለዋውጣችሁ ሞክሩት። የምትልኩት አጭር ይሁን፦ ስንት ኤልክ፣ አጥንቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም፣ ሥጋው የተሰቀለበት ቦታ የጂፒኤስ መጋጠሚያ ቁጥር። ይህን ያወቀ ጫኝ ስንት አጋሰስ ይዞ መምጣት እንዳለበት አይገምትም። ከዚህ በላይ አንድ ነገር አለ፤ ፈረስ በወደቀና በተጠላለፈ ግንድ መሀል አያልፍም። ፍላት ቶፕስ ደግሞ ከ1939 (እ.ኤ.አ.) አውሎ ነፋስ በኋላ የስፕሩስ ጥንዚዛ የፈጀው ደን ያለበት አገር ነው፤ የወደቀ ግንድ ሞልቷል። ኤልኩን ከመተኮሳችሁ በፊት ሥጋውን እስከ ፈረስ መንገድ እንዴት እንደምታደርሱት አስቡ፤ እዚያ ድረስ ያለው ሸክም የእናንተ ነው።

ፈረሱ እስኪደርስ ሥጋውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ዝንብ ወይም ድብ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው የራሱ ሙቀት ነው። የኤልክ ቆዳ ወፍራም፣ ጠጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሌሊቱ በረዶ ቢሆን እንኳ ሙቀቱን አያስወጣም። መጀመሪያ የሚሸተው የታፋው ውስጠኛ ክፍል፣ አጥንቱ ከዳሌው ጋር የሚገጥምበት ጉልላት አካባቢ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፣ ቢላዋ ሲገባበት ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ወዲያው ቆዳውን ገፋችሁ ብልቱን አውጡ። ሆድ ዕቃውን ሳይከፍቱ፣ በጎኑ እንዳጋደመ አንድ ወገን ሠርቶ መገልበጥ ፈጣኑ ዘዴ ነው፤ ጭቅናው ግን ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ በትንሽ ቀዳዳ እጅ አስገብቶ መውጣት አለበት፣ ሕጉም ጥሎ መሄድን ይከለክላል። ታፋውን ከነአጥንቱ የምትተዉ ከሆነ በውስጥ በኩል እስከ አጥንቱ ድረስ ቅደዱት። አጥንቱን የምታወጡ ከሆነ ደግሞ የጾታው ምልክት (ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየው የአካል ክፍል) በተፈጥሮው ከአንዱ የሥጋ ብልት ጋር ተያይዞ መቅረት እንዳለበት አትርሱ።

ለአንድ ኤልክ አምስት የጨርቅ ከረጢት ያዙ፤ አራቱ ለታፋና ለወርች፣ አምስተኛው ለሽንጥ፣ ለጭቅናና ለአንገት ሥጋ። ፕላስቲክ ሙቀትና እርጥበት ስለሚያፍን ፈጽሞ አይሆንም። ከረጢቶቹን ጥላ ውስጥ፣ ከድንኳኑ መቶ ሜትር ያህል ርቃችሁ ስቀሉ፤ ዛፍ ካልተገኘ በተደረደሩ ግንዶች ላይ አጋድሙ፣ ከሥር አየር ይግባ። ጥቁር ድቦች በጥቅምት ገና ዋሻ አልገቡም።

ወደ ካምፑ ስንመጣ፣ በተለምዶ የሚቀርበው የሸራ ድንኳን፣ የእንጨት ምድጃ፣ አልጋ፣ ማብሰያና መብራት ነው። ምግብ፣ የመኝታ ከረጢትና የአደን ፈቃድ ከእናንተ ነው። ጫኙ ሳይመለስ ምድጃውን አቀጣጥሉ። የጭስ መውጫው ጫፍ ላይ ያለው የብልጭታ ወንፊት ካለፈው ቡድን በቀረ ጥቀርሻ ተደፍኖ ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ይህ በመጀመሪያው ቀን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ በሌሊት በረዶ ሲጥል ግን መከራ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ አውትፊተሮች አብዛኞቹ አያስቀምጡም። ቀጭን የብረት ምድጃ በሁለት ሦስት ሰዓት እሳቱ ስለሚያልቅ ሌሊት ተራ ገብታችሁ ካልጨመራችሁ ንጋት ላይ ውጭና ውስጥ እኩል ነው። የሚታጠፈው አልጋ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያሳልፍ ፍራሽ ፎም ያስፈልገዋል። በዊልደርነስ ውስጥ የሞተር መጋዝ ስለማይፈቀድ የእጅ መጋዝና መጥረቢያ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። በድንኳኑ ዙሪያ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ካለ ግን ሊወድቅባችሁ ስለሚችል ስለ እንጨት ከማሰብ በፊት ድንኳኑ ይዛወር በሉ።

የውኃ ማጣሪያችሁ ባለ ቀጭን ቱቦ ከሆነ አንድ ሌሊት ከቀዘቀዘ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ማጣራቱን ግን አቁሟል። የመኝታ ከረጢት ውስጥ አብሯችሁ ይደር።

የጓዝ ገደቡን አክብሩ። ብዙዎቹ ለአንድ ሰው ከ35 እስከ 45 ኪሎ ይፈቅዳሉ። አንድ አጋሰስ 70 ኪሎ ያህል ይጫናል፣ የግራና የቀኙ ጭነት እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዘማል፣ የፈረሱ ጀርባም ይላጣል። ለስላሳ ቦርሳ ይሻላል፤ ትልቁ ጠንካራ የበረዶ ሣጥን መኪናው ላይ ይቅር።

ቦታውን በተመለከተ አውትፊተሩ የማይነግራችሁ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከእኛ በፊት በነበረው ሳምንት በዚህ ካምፕ ስንት ሰው አድኗል? አንድ ካምፕ በየወቅቱ ሳያርፍ የሚከራይ ከሆነ ኤልኮቹ ያንን ሸለቆ ትተው ወደ ጥቅጥቁ ጫካ ይገባሉ። በጥቅምት አጋማሽ ያለው የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት አምስት ቀን ብቻ ቢሆንም በዚህ በኩል ይሻላል። ፈቃዱ ግን በዕጣ ነው፣ ማመልከቻውም በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። ጓደኛሞች በቡድን ስታመለክቱ ወይ ሁላችሁ ታገኛላችሁ ወይ ሁላችሁ ታጣላችሁ፤ የሚቆጠረውም የቡድኑ ዝቅተኛ ነጥብ (ባለፉት ዓመታት ዕጣ ሳይወጣለት ለቀረ አመልካች የሚጠራቀመው) ነው። አሥር ነጥብ ያጠራቀመ ሰው ምንም ከሌለው ጋር ከገባ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀብዱ ዕጣው ካልወጣ ይመለሳል ወይስ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ላይ አስጽፉ።

በኅዳር ወቅቶች በረዶው መተላለፊያውን ዘግቶ ፈረሶቹ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገዩ ይችላሉ። የሁለት ቀን ትርፍ ምግብ በጭነቱ ውስጥ ይቆጠር፤ የመጀመሪያውን ቀን ሥጋ እንበላለን ብሎ ምግብ የሚቀንስ ቡድን በመጨረሻው ቀን ኑድል ይካፈላል።