«ትጮኻለች እንጂ ሴት ናት» ለሚል ሻጭ ገንዘባችሁን አትስጡ

የአራት ወር ዶሮ «ቄብ ናት፣ ልትጥል ደርሳለች» ተብላ ትሸጣለች። በሳምንቱ ማለዳ አንገቷን ሰቅላ ትጮኻለች። ሻጩ ሲጠየቅ መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «አውራ ስለሌለ ነው እንዲህ የሚያደርጋት፤ እንቁላል ስትጀምር ይተዋታል።» በዚህ ሰበብ አንድ ወር ያስጠብቃችኋል፤ ከዚያ ደግሞ «የመመለሻው ጊዜ አልፏል» ይላል። ማታለያው የሚይዘው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። እንደ አውራ የሚያደርጋት ሴት ዶሮ በእርግጥ አለች። የአራት ወር ቄብ ግን አይደለችም።

ሴት ዶሮ የሚሠራላት የግራው እንቁልጢ (እንቁላል የሚፈጠርበት አካል) ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። የግራው በዕጢ ወይም በኢንፌክሽን ሲበላሽ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ክብ ክብ የሴት ላባ የሚያለብሳት እሱ ነውና ሲጎድል ቀጥሎ የሚበቅለው ላባ የአውራ ይሆናል። ተኝቶ የነበረው የቀኙ አካልም አንዳንዴ ወደ ቆለጥ መሰል ነገር ያድጋል። ያኔ ኩክኒዋ ይተልቃል፣ ትጮኻለች፣ ሌሎቹ ላይ ልትወጣ ትሞክራለች፣ እንቁላልም ታቆማለች። ላባው የሚቀየረው ግን አሮጌው ሲረግፍ ስለሆነ ነገሩ ወራት ይፈጃል፤ በብዛት የሚታየውም ብዙ ጊዜ በጣሉ፣ ዕድሜ በጠገቡ ዶሮዎች ላይ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1474 ባዝል ከተማ ውስጥ እንቁላል ጥሏል የተባለ አውራ ዶሮ ለፍርድ ቀርቦ ተቃጥሏል። ምናልባት ምስኪኗ ከእነዚህ አንዷ ነበረች።)

ጤነኛ ሆና የምትጮኽም አለች። አውራ በሌለበት መንጋ ውስጥ ሁሉን የምታዝዘው ትልቋ ዶሮ አልፎ አልፎ አጠር ያለ፣ ሻካራ ጩኸት ታሰማለች። ላባዋ የሴት እንደሆነ ይቀራል፣ እንቁላሏንም ትጥላለች።

ስለዚህ ጩኸቱን ተዉትና ላባውን እዩ። ዶሮዋን ብብታችሁ ሥር ያዙ፤ ጀርባዋ አልቆ ጅራቷ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ቦታ በጣት ግለጡና አንዱን ላባ መዳፋችሁ ላይ አንጥፉት። የሴት ላባ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ክብ፣ እስከ ጠርዙ የተያያዘ ነው። የአውራው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጫፉ ይሾላል፣ ጠርዙ ተበታትኖ ያብረቀርቃል፣ በወገቡ ግራና ቀኝም ይንዠረገጋል። 12 ሳምንት ገደማ ላይ ብቅ ማለት ይጀምራል፤ 16 ላይ በአብዛኛው ዝርያ አያጠራጥርም። የአራት ወር ዶሮ ይህ ላባ ኖሮት ከጮኸ አውራ ነው፣ ክርክር የለውም። ከደንቡ የሚወጡ ዝርያዎች አሉ፦ የሴብራይት አውራ የሴት ላባ ነው የሚለብሰው፤ የሲልኪ ላባ ደግሞ ጸጉር ስለሚመስል አምስት ስድስት ወር ሳይሞላ ባለሙያም ይሳሳታል።

ከእግር ኋላ በሚበቅለው ሹል እሾህ አትፍረዱ። አሮጊት ሴቶችም ያበቅሉታል፤ ወጣት አውራ ላይ ደግሞ ገና የአዝራር ያህል ነው።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያሉትን ስትገዙ አንዷን ለብቻ አውጥቶ የሚያሳያችሁን ሻጭ እምቢ በሉት። በዚህ ዕድሜ ወንዱ የሚለየው ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ ነው። ኩክኒው ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩም ይወፍራል፤ የሴቷ ገርጣ ብሎ ይቆይና ልትጥል ስትቃረብ ነው የሚቀላው። ዝርያቸውና ዕድሜያቸው አንድ የሆኑትን አብራችሁ እዩ፤ የተለያየ ዝርያ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን የአንድ ቀን ጫጩት ላይ ነው። ኢሳ ብራውንና ሎህማን ብራውንን የመሳሰሉ ቡናማ እንቁላል ጣዮች ሲፈለፈሉ ጾታቸው በቀለም ይለያል፤ አባትየው ወርቃማ፣ እናትየው ብርማ ዘር ስለሚይዙ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። ታዲያ ቢጫዎቹ ምን ይሆናሉ? እንቁላል አይጥሉ፣ እንደ ሥጋ ዶሮም አያድጉ፤ ለመፈልፈያው ትርፍራፊ ናቸው። እነዚህኑ ነው አንዳንዱ ነጋዴ በርካሽ ሰብስቦ «ነጭ ጣይ» ወይም «የሥጋ ጫጩት» ብሎ የሚሸጠው። የሥጋ ዶሮ በደንብ ከተመገበ በ6 ሳምንት 2 ኪሎ ያልፋል፤ የጣይ ዶሮ ወንድም ግን በዚያ ዕድሜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሁለተኛው ሳምንት የደረቱ መጥበብና የእግሩ መቅጠን ያጋልጠዋል፤ መኖውን ግን እስከዚያ ጨርሷል።

ሌላው መንገድ ከእነዚሁ ቡናማ ዶሮዎች ራሱ አስፈልፍሎ «ቡናማ ከሆነች ሴት ናት» ብሎ መሸጥ ነው። የቀለሙ ሕግ የሚሠራው በመጀመሪያው ድቅል ላይ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ትውልድ ቡናማ ወንድም ቢጫ ሴትም ይወለዳሉ። ስለዚህ «ወላጆቻቸው እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «የራሴ ኢሳ ብራውኖች» ካላችሁ ጾታው ያልተለየ ጫጩት እየገዛችሁ ነው።

ክንፍ ገልጦ መለየትም እንዲሁ ነው። በትክክለኛው ድቅል የሴቷ ክንፍ ላባ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ይታያል፤ የወንዱ እኩል ነው፣ ወይም የላይኛው ረድፍ ይበልጣል። ይህ ግን እናትየው ላባዋ ቶሎ የማይወጣ፣ አባትየው ቶሎ የሚወጣለት ሆነው ለዚሁ ተብለው ሲጣመሩ ብቻ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ወላጆቹ ካልታወቁ ክንፍ ማየት ለገዢ የሚቀርብ ትርኢት ነው። ጫጩቱን ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ቀለበት በክር ማወዛወዝ፣ የእንቁላሉን ሹልነት ማየት ደግሞ ሳንቲም ከመወርወር አይሻሉም።

ከጅራቱ ሥር ያለውን ቀዳዳ ገልጦ፣ ውስጡ ያለችውን የስፒል ራስ የምታህል እብጠት አይቶ መለየት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓኖች ያዳበሩት እውነተኛ ሙያ ነው። ግን ከተፈለፈለ በአንድ ቀን ውስጥ፣ በሠለጠነ እጅ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ሆዱን ትጎዱና ይሞታል። ጎበዝ ባለሙያም ከመቶ ጥቂት ይስታል፤ «መቶ በመቶ» የሚል ሻጭ ዘዴው ቀለም ካልሆነ እየዋሸ ነው።

ያልተለየ ጫጩት መግዛት በራሱ ነውር የለውም፣ ዋጋው የተለየ ጫጩት ዋጋ ካልሆነ። አሥር ብትወስዱ አምስት አምስት ይደርሳችኋል ብላችሁ ግን አትቁጠሩ፤ ከስድስት ገዢ አንዱ ገደማ ሰባትና ከዚያ በላይ ወንድ ይወጣበታል። አሥሩም ሴት የሚሆኑበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ተለይቷል ወይስ አልተለየም፣ በምን ዘዴ፣ ከመቶ ስንት ስህተት ይፈቀዳል፣ ወንድ የሆነው እስከ ስንት ሳምንት ይተካል። አራተኛው ላይ አትለዝቡ። «እስከ 4 ሳምንት» የሚል ዋስትና ምንም አይጠቅምም፤ በአብዛኛው ዝርያ ያኔ ገና አይታወቅም። ቢያንስ 16 ሳምንት ጠይቁ፤ የጫጩቶቹን ፎቶም ከቀኑ ጋር ያዙ።

«እየጣለች ነው» የተባለች ትልቅ ዶሮ ከሆነች ጣታችሁን ተጠቀሙ። ከጅራቷ ሥር፣ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሹል አጥንቶች አሉ። የምትጥል ከሆነች በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት ይገባል፣ ቀዳዳውም ሰፊና እርጥብ ነው። አንድ ጣት ብቻ የሚገባ፣ ቀዳዳው ጠባብና ደረቅ ከሆነ አሁን አትጥልም። ይህ ኖሮ ከላይ የሾለ ላባና ጩኸት ከተጨመረበት የእንቁልጢ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ጣይ አትግዟት፣ «ጥሩ አውራ» ብሎ ለመራቢያ የሚያቀርባትንም አትስሙት። በእሷ አውራነት የተጣለ እንቁላል 21 ቀን ቢታቀፍም ጫጩት አይወጣውም።

ገዝታችሁ ከሆነ ለብቻዋ አስገቧትና ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። የላባ መርገፊያዋ ወይም የመታቀፊያዋ ጊዜ ሳይሆን አንድም እንቁላል ካልተገኘ፣ የወገብ ላባዋንና ሁለቱን አጥንቶች በቪዲዮ ቀርጻችሁ ከደረሰኙ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።