ደሴ ላለችው እኅታችን ምስጋና፣ ልጅ ወደ ውጭ ለምትልኩ ወላጆችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ለምትሠራ እኅታችን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ልጄ ዛሬ እንግሊዝ አገር በውሃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ትገኛለች። ለዚህ የበቃችው በአላህ ፈቃድና በራሷ ጥረት ቢሆንም፣ ከሰው ወገን የዚህችን እኅት ያህል ውለታ የዋለልን የለም። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለችና አልጠቅስም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ልጁን ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ወላጅ ሁሉ ሊያውቃት ይገባል።

ልጄ የተመረቀችው እዚሁ ከተማችን ኮምቦልቻ ካለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ውጭ አገር ልትማር አስባለች የሚል ወሬ ከቤታችን ከወጣ በኋላ በራችንን የሚያንኳኳው ደላላ በዛ። አንደኛው «አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሰው አለን፤ ገንዘብ ካነሳችሁ ለማሳያ የሚሆን የባንክ ሒሳብ እናከራያችኋለን፤ ስለ ጆሮዋ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ቪዛ ያስከለክላችኋል» አለን። ልጄ በሕፃንነቷ ባገኛት ሕመም የተነሣ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም፤ በግራው የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። በሕይወቷ ሙሉ ከማንም ያልሸሸገችውን ነገር ሸሽጊ መባሏ አንጀቴን አቃጠለው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ወደዚህች እኅት የሄድነው ያን ጊዜ ነው።

የት አገር እንደምንፈልግም ሆነ ስንት ብር እንዳለን አልጠየቀችንም። ከመሳቢያዋ አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና በማስመሪያ መሐሉን ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ ወገን «ዩኒቨርሲቲው በሕግ ያለበት»፣ በሌላው ወገን «ተማሪዋ በሕግ ያለባት» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ይህ ወረቀት ከሁለቱም ወገን ሳይሞላ ለማንም አንድ ብር እንዳይከፍሉ» አለችኝ። ያ ወረቀት እስከ መጨረሻው አብሮን ዘለቀ። ከሌላው ሁሉ የለያትም ይኸው ነው፤ የሚቀበለን ተቋም ምን ዕዳ እንዳለበት የጠየቀች እርሷ ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያ የሞላችው የፈቃዱን ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ አንድ ተቋም በተማሪ ቪዛ የሚገባ ሰው ለመቀበል ሆም ኦፊስ ከሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የስፖንሰርነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያላቸውን ተቋማት ስም ዝርዝር መንግሥት በይፋ ያወጣዋል፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል። ደላላው የሰጠንን የኮሌጅ ስም እፊታችን ፈለገችው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ጉዳዩ ተዘጋ። ፈቃዱ የወግ ነገር እንዳይመስለን እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ በተሰረዘ ጊዜ ከ2,000 በላይ የውጭ ተማሪዎች የሚሆኑትን አጥተው እንደነበር አስረዳችን። ስፖንሰር ፈቃዱን ሲያጣ የተማሪው ቪዛ ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ቀን ያጥራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ተቋም ካላገኘ ከአገሪቱ መውጣት አለበት። ጥፋቱ የተቋሙ ሆኖ መከራው በተማሪው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ልጄ በትክክለኛ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ካገኘች በኋላ ደግሞ ጥያቄው በዛብን። ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ፣ ገንዘቡን ማን ይከፍላል፣ ከተመረቅሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ እያሉ በቪዲዮ ጠየቋት። ባለቤቴ «ልጄን እንደ ሌባ መረመሯት» ብላ ተቆጣች። ይህች እኅት ግን በእርጋታ አስረዳችን። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ ማመልከቻ የሚያስፈልገውን የመቀበያ ማረጋገጫ ቁጥር ከመስጠቱ በፊት ተማሪው በእውነት ለመማር የሚሄድ መሆኑን የማጣራት ግዴታ አለበት። ማረጋገጫ ከሰጣቸው ሰዎች መካከል ቪዛ የሚከለከሉት ለዓመታት በተሠራበት መለኪያ 10 በመቶ ከደረሱ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የመንግሥት የፖሊሲ ሰነድ ይህን ልክ ወደ 5 በመቶ እንደሚያወርደው አስታውቋል። ስለዚህ የሚጠይቁት ልጃችንን ጠልተው አልነበረም። ይህን ካወቀች በኋላ ባለቤቴም ንዴቷ በረደላት፤ ልጄም ያለ ፍርሃት የልቧን መለሰች።

ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል ልጨምር። ለኑሮ የሚሆነው ገንዘብ በሒሳብ ውስጥ ለተከታታይ 28 ቀናት ሳይጎድል መቆየት አለበት። ሒሳቡ የወላጅ ሊሆን ይችላል፤ የልደት ማስረጃና የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ይያያዛል። የልደት ማስረጃውን እርሷ ተረጎመችው፤ ደብዳቤውን እኔ በአማርኛ ተናግሬ እርሷ ጻፈችው። የተከራየ ሒሳብ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ግን ከበር ትመልሳለች። እኔ ተቀምጬ አንድ ጎልማሳ እጥፍ ልክፈልሽ ሲላት «ወንድሜ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘበት ልጅዎ ለዓመታት ድጋሚ እንዳያመለክት ሊከለከል ይችላል፤ የእርስዎን ልጅ ዕድል በእጄ አልዘጋም» አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። እርሷ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

የሰነድ ሥራዋ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። የልጄ የአያት ስም በዲግሪው ላይ በአንድ «ኤም»፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤም» መጻፉን ያየችው እርሷ ናት፤ እኛ ለዓመታት ይዘነው አላየነውም ነበር። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳው አስቀድሞ መጠናቀቅ እንዳለበት ነግራ ቀድመን እንድንጨርስ አደረገችን። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው አዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በኩል እንደሚደረግና የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ መሆኑን ነግራን ቀኑን አስተካክለን ሄድን።

አሁን ወደ ጆሮዋ ጉዳይ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት ለእሱ ነውና። «እንናገር ወይስ እንተው?» ብዬ ስጠይቃት ወረቀቱን አነሣችና በዩኒቨርሲቲው ወገን በወፍራሙ ጻፈችበት። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ለአገሬው ተማሪ መንግሥት የሚሰጠውን የአካል ጉዳተኞች ድጎማ የውጭ ተማሪ አያገኝም፤ የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ግን የውጭ ተማሪ በመሆኗ አይቀርም። ልጄን አስቀምጣ ከሐኪም የተሰጣትን የመስማት ምርመራ ወረቀት መስመር በመስመር ተረጎመችላት። ቀጥላም «ምን ቢደረግልሽ ትምህርቱን በደንብ ትከታተያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄን እስከዚያ ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔ አባቷም ጭምር። ልጄ ትንሽ አሰበችና የአስተማሪው አፍ የሚታይበት መቀመጫ፣ የትምህርቱ ቅጂ አስቀድሞ እንዲሰጣትና ንግግሩ እንዲቀዳላት ብላ ዘረዘረች። ያንኑ በራሷ እጅ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች። መልሱ የመጣው ከአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍል ነበር፤ ገና ሳትሄድ የድጋፍ ዕቅዷን አዘጋጅተው ላኩላት። ዛሬ በዚያ ዕቅድ ትማራለች። የደላላውን ምክር ሰምተን ቢሆን ኖሮ ልጄ ባዕድ አገር፣ ባዕድ አነጋገር እያዳመጠች ችግሯን ውጣ ትቀመጥ ነበር። ይህን ሳስብ ለዚህች እኅት ያለኝ ምስጋና ልክ የለውም።

የክፍያውንም ነገር ዝም አላለችም። የመቀበያ ደብዳቤው ላይ ቅድመ ክፍያ ተጠይቆ ነበር፤ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ ግን በግልጽ አልተጻፈም። በእንግሊዝ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችንም ይመለከታል፤ ጠቅላላ ወጪውንና የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች ተማሪው ከመወሰኑ በፊት በግልጽ መንገር አለባቸው። ልጄ ጻፈች፤ ሐሰተኛ ሰነድ ካልተገኘ በስተቀር እንደሚመለስ በጽሑፍ አረጋገጡላት። እኔም ያን መልስ ካየሁ በኋላ ወደ ባንክ ሄድኩ።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ልቡ አውስትራሊያ ነበር። ለእሱም ያንኑ ወረቀት አሰመረችለት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የውጭ ተማሪዎች ሕግ አለ፤ የተመዘገቡ ተቋማትና የትምህርት ዓይነቶችም በይፋ መዝገብ ላይ ይወጣሉ። ተቋሙ ቢዘጋ ወይም ትምህርቱን ማስተማር ቢያቆም ተማሪው ሌላ ቦታ እንዲያገኝ ወይም ያልተማረበት ገንዘብ እንዲመለስለት የሚያደርግ ከለላም አለ። በዚሁ ሕግና እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ብሔራዊ ደንብ መሠረት ዩኒቨርሲቲው ከወኪሎቹ ጋር የጽሑፍ ውል መያዝና ዝርዝራቸውን በድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት። «ወኪል ነኝ የሚል ሰው ከመጣ ስሙን ዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ፈልጉት» የሚለው ምክሯ ከዚህ የመጣ ነው። ለወኪሉ የሚከፍለው ደግሞ በተለምዶ ዩኒቨርሲቲው መሆኑን ማወቅ ስንቱን ወላጅ ከአላስፈላጊ ወጪ ባዳነው!

በልጄ ወገን የተጻፈውም ቀላል አልነበረም። ደርሳ በወቅቱ መመዝገብ፣ ትምህርቷን መከታተል፣ አድራሻዋን ስትቀይር ማሳወቅ፣ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አለመሥራት። ሳትመዘገብ ብትቀር ወይም ትምህርቱን ብታቋርጥ ዩኒቨርሲቲው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ልጄ ክረምቱ ከብዷት ታማ የተኛች ጊዜ ገና ከአልጋ ሳትነሣ ለክፍሏ ኃላፊ የጻፈችው ይህን ስለምታውቅ ነው። እነሱም ሐኪም ዘንድ እንድትቀርብ ረዷት፤ የቀረችበትንም ቀን በፈቃድ መዘገቡላት።

አንድ የከበደኝ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ ስለ ልጄ ውጤት ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጻፊ ካሉኝ እጽፋለሁ፤ መልሱን ግን አሁኑኑ ልነግርዎ እችላለሁ» አለችኝ። ልጄ ለአካለ መጠን የደረሰች በመሆኗ ያለ ፈቃዷ መረጃዋን ለማንም፣ ለአባትም ቢሆን፣ አሳልፎ መስጠት የመረጃ ጥበቃ ሕጋቸው አይፈቅድም። የሚከፍለው አባት ሆኖ ውጤት አለማወቅ በእኛ አገር ልማድ እንግዳ ነው፤ አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ነገር ግን ሕጉ ልጄን ከማንም የሚጠብቅ ከሆነ እኔን ለይቶ እንዲያልፍ አልጠይቅም። ልጄ ራሷ ደውላ ነገረችኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ውጤቷ ጥሩ ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች የማውቀውን ልናገር። ቪዛ አገኝላችኋለሁ አትልም፤ እንዲህ የሚላችሁን ሰው ሽሹ ነው የምትለው። የምታስከፍለው ለትርጉምና ለጽሕፈት ብቻ ነው፤ ደረሰኝም ትሰጣለች። ከበድ ያለ የቪዛ ጥያቄ ሲመጣ «ይህን እኔ መመለስ አይገባኝም» ብላ ወደ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ትመራለች፤ በእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው በሕግ የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነውና። ክረምት ላይ ቤቷ ይጨናነቃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ማለዳ ሂዱ፤ የማመልከቻው ቀን እስኪደርስም አትጠብቁ።

ፓስፖርት፣ ዲግሪና የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ደብዳቤ ካለም ዋናውን ይዛችሁ ቅረቡ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃድ ሰጥታኛለችና እነግራችኋለሁ። ልጁን ወይም ልጅቷን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወላጅ ብቻውን ከሄደ «ተማሪው የታለ?» ብላ ትመልሳለች፤ ቅጹንም በተማሪው እጅ ነው የምታስሞላው።

እኅቴ፣ ይህን ካነበብሽ የእኔም የባለቤቴም ዱዓ አይለይሽ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ሥራሽንም ይባርክልሽ።